1 ካፕ ዱቄት ስንት ግራም ነው? (ሐዋሳ ላይ ኬክ ለምትጋግሩ)

ሐይቅ_ዳር | ሐሙስ፣ ማታ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ነኝ፤ ለልደት፣ ለክርስትና፣ ለምርቃት ኬክ በትዕዛዝ እጋግራለሁ። አሠራሩን የምወስደው ከቪዲዮ ነው፤ ቪዲዮው ሁሉ ደግሞ የሚያወራው በካፕ ነው። እኔ ቤት ያለው የሻይ ብርጭቆ፣ ሁለት ዓይነት ኩባያ፣ እና እህቴ ከአዲስ አበባ ያመጣችልኝ ግራም የሚያሳይ ትንሽ ሚዛን ነው።

ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ 1 ካፕ ዱቄት አንዱ 120 ግራም ይላል፣ አንዱ 125፣ ሌላው 150። ስኳር ላይ ግን ሁሉም 200 ብለው ይስማማሉ። ዱቄት ላይ ምን ነካቸው? አሠራሩ ያው ሆኖ አንድ ቀን ኬኩ ለስለስ ብሎ ይወጣል፣ ሌላ ቀን ድርቅ ብሎ ይቀመጣል። ደንበኛ ደግሞ የሚለኝ «እንዳለፈው አድርጊልኝ» ነው። እስኪ የምታውቁ ቁርጡን ንገሩኝ፣ ስንት ብዬ ልያዝ?

ታቦር_ማዶ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡24

ይሄ ምን ያስጨንቃል። 1 ካፕ 250 ሚሊ ነው፣ 250 ሚሊ 250 ግራም ነው። አለቀ።

ፋርማሲስቷ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡31

ለውሃ ከሆነ አልቋል። ለዱቄት ከሆነ ገና አልተጀመረም።

ወንድሜ፣ ሚሊ ሊትር የሚለካው አንድ ነገር የሚይዘውን ቦታ ነው፣ ግራም ደግሞ ክብደቱን። ሁለቱ እኩል የሚመጡት ውሃ ላይ ነው። ወተት ትንሽ ይከብዳል፣ ሊትሩ 1030 ግራም ገደማ ነው። ዘይት ይቀላል፣ ሊትሩ 920 አካባቢ። ማር ደግሞ ሊትሩ 1400 ግራም ይመጣል። 5 ሊትር የሚለውን የዘይት ጀሪካን ሚዛን ላይ አስቀምጠህ እየው፤ ዘይቱ ብቻውን 4 ኪሎ ከ600 ነው። ሰው ይሄን ሳያውቅ «ጎድሏል» ብሎ ከባለሱቅ ጋር ይካሰሳል፣ ባለሱቁ ምንም አላጎደለም።

ታቦር_ማዶ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡40

እሺ እጅ ሰጠሁ። ግን ስለ ማር ካነሳሽ አይቀር፣ እኔ ማር የሚያመጣልኝ ሰውዬ በሊትር ሃይላንድ ሞልቶ የኪሎ ዋጋ ነው የሚቀበለኝ። እየተበላሁ ነው ማለት ነው?

ፋርማሲስቷ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡43

እየበላህ ነው እንጂ! በኪሎ ዋጋ 1 ኪሎ ከ400 እየወሰድክ ነው። ዝም ብለህ ግዛ። ማሩ ማር ከሆነ ነው ታዲያ። ውሃ የገባበት ማር ቀለል ይላል፣ በሚዛን ይያዛል። ስኳር ፈልቶ የተደባለቀበትን ግን ሚዛን አይለየውም።

ፉርኖ_50 | ሐሙስ፣ ማታ 3፡15

ሐይቅ ዳር እህቴ፣ እኔ ሆቴል ዳቦ ክፍል ነው የምሠራው። እኛ ጋ ካፕ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም በኪሎና በግራም ነው፤ የምትዪው ችግር ግን ይገባኛል።

ስኳር ላይ የተስማሙት ስኳር ስለማይታመቅ ነው። ፍሬው ጠንካራ ነው፤ በማንኪያ ብትጨምሪው፣ ከላይ ብታፈሺው፣ በኩባያው ብትዝቂው ክብደቱ እምብዛም አይለወጥም። ዱቄት ግን አየር ይይዛል። ፉርኖ ዱቄቱን በኩባያው ራሱ ከጆንያው ዝቀሽ አውጥተሽ አፉን ብታስተካክዪው ካፑ 145፣ አንዳንዴም 150 ግራም ይይዛል። ያንኑ ዱቄት መጀመሪያ በሹካ ቀስቅሰሽ፣ በማንኪያ እያነሳሽ ጣል ጣል አድርገሽ ሞልተሽ፣ በቢላዋ ጀርባ ሳትጫኚ አፉን ብታስተካክዪው ከ120 እስከ 125 ነው። በወንፊት ነፍተሽ ከሞላሽው ከዚያም ይወርዳል። የነገሩሽ ሰዎች አልተሳሳቱም፤ አንድ ዓይነት ዕቃ በተለያየ አሞላል እየሞሉ ነው።

3 ካፕ ዱቄት የሚል አሠራር ላይ አስቢው። አንዷ 360 ግራም ታስገባለች፣ ሌላዋ 450። 90 ግራም ዱቄት ማለት ኬኩ ውስጥ ሌላ ሦስት ሩብ ካፕ ጨመርሽ ማለት ነው። በዚያ ላይ ጆንያው ሲገዛ ከላይ ያለው ዱቄትና ሥር ተጨቁኖ የከረመው አንድ አይደሉም። የደረቀብሽ ቀን ምናልባት ከሥር የዛቅሽበት ቀን ነው።

ስለዚህ ቪዲዮው የአሜሪካ ከሆነ ዱቄቱን 120 ብለሽ ያዢ። ጋጋሪዋ በኩባያው ራሱ ስትዝቅ ካየሻት ግን 145 አድርጊው። አዎ፣ እጇን ማየት አለብሽ።

እትዬ_ቅመም | ሐሙስ፣ ማታ 3፡38

ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ድፎ ስደፋ ግራም የሚባል ነገር አላየሁም። ሊጡን እጄ ያውቀዋል። እጅ ላይ ከተጣበቀ ዱቄት እነሰንስበታለሁ፣ ከጠጠረ ውሃ አርከፈክፍበታለሁ። እናንተ ሁሉን ነገር ሐኪም ቤት አደረጋችሁት።

ፉርኖ_50 | ሐሙስ፣ ማታ 3፡50

እትዬ፣ እውነትዎን ነው፤ ድፎ ላይ እርስዎን የሚያስተምር የለም። ሊጥ ሲቦካ መሃል ገብተው ያርሙታል፣ ጊዜ ይሰጥዎታል። የኬክ ሊጥ ግን አይታሽም። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ብዙ ካማሰሉት ይጠነክራል፣ ቤኪንግ ፓውደሩ ደግሞ እርጥበት እንዳገኘ ሥራውን ጀምሯል። እያዩ የሚያርሙበት ዕድል የለም፣ ምድጃው ውስጥ የገባው ገባ።

እትዬ_ቅመም | ሐሙስ፣ ማታ 3፡57

እሺ፣ ኬኩን ለእናንተ ለቀቅኩ። በርበሬዬ ላይ ግን እንዳትመጡብኝ።

ሜልቦርን_ያለሁት | አርብ፣ ጠዋት 1፡05

ከሩቅ ሰላም ብያለሁ። የሐዋሳ ልጅ ነኝ፣ አሁን አውስትራሊያ ነው ያለሁት። አንድ ነገር ልጨምር፦ ካፑ ራሱ በየአገሩ ይለያያል። የአሜሪካው 237 ሚሊ ገደማ ነው፣ ማሸጊያ ላይ 240 ብለው ያጠጋጉታል። እዚህ እኛ ጋ 250 ነው። ጃፓኖች 200 ነው የሚጠቀሙት።

ከካፑ ይልቅ ሰው የማያስተውለው ማንኪያውን ነው። በአብዛኛው ዓለም የሾርባ ማንኪያ ሲባል 15 ሚሊ ነው፣ የአውስትራሊያው 20 ሚሊ ነው። የሻይ ማንኪያ ሁሉም ጋ 5 ነው። የአውስትራሊያ ቪዲዮ እያየሽ «2 የሾርባ ማንኪያ» ካለሽ ካንቺ ማንኪያ ሦስት ሊጠጋ ነው። የአሜሪካኖቹ ደግሞ «ስቲክ» የሚሉት ቅቤ አለ፤ 113 ግራም ነው፣ ሁለቱ ስቲክ አንድ ካፕ ይሞላል። ሙቀቱ ላይም 350 ሲሉሽ በፋራናይት ነው፣ በእኛ 177 ነው። ምድጃሽ በሴልሺየስ ከሆነ 350 ላይ አድርገሽ እንዳታከስዪው።

ታቦር_ማዶ | አርብ፣ ጠዋት 2፡20

አሜሪካኖች ግን ሚዛን የላቸውም እንዴ? ጨረቃ ላይ የወጡ ሰዎች ዱቄት በኩባያ ይሰፍራሉ?

ሜልቦርን_ያለሁት | አርብ፣ ጠዋት 2፡41

ድሮስ በሲኒም በማንኪያም ቁልል፣ ጎደል እያሉ እንደኛው ነበሩ። ፋኒ ፋርመር የምትባል ቦስተን ውስጥ የምግብ ሥራ ትምህርት ቤት የምትመራ ሴት ናት እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ «ሁሉም መለኪያ አፉ የተስተካከለ ይሁን» ያለችውን አሠራር ያስፋፋችው። እኛ አድዋ ላይ በነበርንበት ዓመት ማለት ነው። በጊዜው ትልቅ ነገር ነበር፤ ሚዛን የሌላት ሴትም አስተካክላ መጋገር ቻለች። ከዚያ ለመዱት፣ ቀረ።

ሐይቅ_ዳር | አርብ፣ ቀን 6፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ክፉ አይንካችሁ። ሚዛኑን ከካርቶኑ አወጣሁት። ግን የራሴ ብርጭቆ ስንት እንደሚይዝ በምን ልወቅ? እሱን ካወቅኩ መብራት ሲጠፋም ሆነ የሚዛኑ ባትሪ ሲሞት አልቸገርም። ደግሞስ ሚዛኑ ራሱ ልክ መሆኑን በምን አምናለሁ?

ፋርማሲስቷ | አርብ፣ ቀን 7፡15

ለብርጭቆው ቀላል ነው። ያልተከፈተ 2 ሊትር ውሃ ያዢ፤ ላዩ ላይ የተጻፈው መጠን ይበቃሻል። ብርጭቆሽን አፉ ድረስ እየሞላሽ ወደ ባልዲ ገልብጪ፣ ስንት ጊዜ እንደሞላ ቁጠሪ። 8 ጊዜ ከሞላ 250 ሚሊ ነው፣ 10 ጊዜ ከሞላ 200 ነው። መጨረሻ ላይ ግማሽ ብርጭቆ ከተረፈ እሱንም ግማሽ ብለሽ ጨምሪው። አንድ ብርጭቆ ብቻ ሞልተሽ ከመገመት ይሄ ይሻላል፤ አንዱ ላይ የምትሳሳቺው ጠብታ ብዙ ላይ ሲካፈል ይጠፋል። ውሃውን አትድፊው፣ ወጥ ይሠራበታል።

ለማንኪያ ደግሞ እኔ ዘንድ ነይ፤ ማንኛውም ፋርማሲ ባለ 5 ወይ ባለ 10 ሚሊ ስሪንጅ አለ፣ መርፌውን ጣዪውና ቱቦውን ብቻ ተጠቀሚ። ማንኪያውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈሽ ውሃ እየገፋሽ ሙዪው፣ ሊፈስ ሲል አቁሚና ቁጥሩን አንብቢ። የቤት ማንኪያ ለመብያ የተሠራ ነው እንጂ ለመለኪያ አይደለም፤ 4 ሚሊ የሚይዝም አለ፣ ከ6 የሚያልፍም አለ። የልጆች ሽሮፕ ላይ የሚመጣው ትንሽ መለኪያም ያገለግላል፣ መስመሩ ላይ 5 እና 10 ተጽፎበታል። በደንብ እጠቢው ብቻ፣ የእንጆሪ ጣዕሙ ቶሎ አይለቅም።

የሚዛኑ ነገር፦ የታሸገ ግማሽ ሊትር ውሃ መዝኝና ቁጥሩን ጻፊ። ውሃው ከተጠጣ በኋላ ባዶውን ከነክዳኑ መዝኝ። ልዩነቱ 500 አካባቢ ከሆነ ሚዛንሽ ደህና ነው። ሲመዝን ደልዳላ ነገር ላይ ይሁን፤ የጠረጴዛ ልብስ የተጣጠፈበት ቦታ ላይ ካስቀመጥሽው ይዋዥቃል።

ፉርኖ_50 | አርብ፣ ቀን 8፡02

ጥሩ ብለሻል። አንድ ነገር ልጨምርበት። ያ ትንሽ ሚዛን በ1 ግራም ነው የሚቆጥረው፣ ትንንሹ ነገር ላይ አትመኚው። 3 ግራም እርሾ ስትጨምሪ 2 ይበል 4 ይበል አይታወቅም፤ ቀስ እያልሽ ስትነሰንሺ ጭራሽ ሳይቆጥረው ዝም ይላል። ከ10 ግራም በታች የሆነውን በማንኪያ ነው የሚሻለው፣ ማንኪያው የተለካ ይሁን እንጂ። የሻይ ማንኪያ ልሙጥ፣ ማለትም ያልተቆለለ፣ ደረቅ እርሾ 3 ግራም ነው፤ ቤኪንግ ፓውደር ከ4 እስከ 5፤ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ገደማ። ጨው ፍሬው ሻከር ካለ በዚያው ማንኪያ ያነሰ ነው የሚይዘው። ከቆለልሽው ግን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል፣ ቤኪንግ ፓውደር እጥፍ የገባበት ኬክ ደግሞ መጀመሪያ ያብጣል፣ ቀጥሎ መሃሉ ይገባል፣ ምላስም ላይ ይመራል።

ሐይቅ_ዳር | አርብ፣ ማታ 1፡20

ብርጭቆዬ 2 ሊትሩን 11 ጊዜ ሞላ። 182 ሚሊ ማለት ነው አይደል? እኔ እስከ ዛሬ ይሄንን ነው ካፕ ብዬ ስሰፍር የኖርኩት። ለካ የማስገባው ወተት ከሩብ በላይ... ቆይ ላስላው።

ፋርማሲስቷ | አርብ፣ ማታ 1፡26

ሩብ አይሞላም፣ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። 240 ሲካፈል ለ182 ወደ 1.3 ይመጣል። 1 ካፕ ፈሳሽ ሲሉሽ አንድ ብርጭቆና ሲሶ አድርጊ። በዚያው ብርጭቆ ሁሉንም ነገር ሰፍረሽ ቢሆን ኖሮ እኩል ስለሚቀንስ ችግር አልነበረም። ነገሩ የሚበላሸው እንቁላሉ በቁጥር፣ ቤኪንግ ፓውደሩ በማንኪያ ስለሚገባ ነው፤ እነሱ ከብርጭቆሽ ጋር አብረው አላነሱም።

ሐይቅ_ዳር | አርብ፣ ማታ 1፡31

ወይ ጉድ! ይሄንን እስከ ዛሬ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ብርጭቆው ላይ ፕላስተር ለጥፌ 182 ብዬ ጻፍኩበት፣ ሰው ሻይ እንዳይጠጣበት ደበቅኩት።

ቡላ_በቅቤ | ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡00

እኔም ከዚሁ ከሐዋሳ ነኝ። ከኬኩ ወጣ ልበልና ስለ ቡላ ልጠይቅ። እህቴ ወልዳ የቡላ ገንፎ ላሠራላት ፈልጌ አንዷ ጓደኛዬ «1 ካፕ ቡላ በ3 ካፕ ውሃ» አለችኝ። እኔ ገበያ የማገኘው ከሴቶቹ እርጥቡን፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለውን ነው። በዚያ ልክ ብሠራ ገንፎው ቀጠነብኝ። የሷ ቡላ ምን ተለየ?

ፉርኖ_50 | ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡44

እሷ የሰፈረችው የደረቀ፣ ፓኬት ውስጥ ያለውን ዱቄት ይሆናላ። ያንቺ እርጥቡ ውስጥ ውሃው አብሮ አለ። ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ስትመዝኚ ቡላና ውሃ ነው የምትመዝኚው፣ ውሃው ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ ከሻጭ ሻጭ፣ ከቀን ቀን ይለያያል። እዚህ ላይ ካፕም ሆነ ሚዛን ብቻውን አያድንሽም። አንድ መላ አለ፦ ከገዛሽው ላይ 100 ግራም መዝነሽ ሰፋ ያለ ትሪ ላይ በስሱ ዘርግተሽ ፀሐይ ላይ አድርቂው፣ ሙልጭ ብሎ ሲደርቅ እንደገና መዝኝው። 60 ከቀረ 40ው ውሃ ነበር፤ ያን ያህል ከምትጨምሪው ውሃ ላይ ቀንሺ።

እትዬ_ቅመም | ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡10

አራስ ገንፎ እየጠበቀች ቡላ ፀሐይ ላይ ይዘረጋል? ውሃውን ከግማሽ በታች አድርገሽ ጀምሪ፣ እያገነፋሽ ፈልቶ የቆየ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጊበት። እንኳን ማርያም ማረቻት በያት።

ቡላ_በቅቤ | ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡22

እትዬ ይባረኩ፣ ልክ እንዳሉት አደርጋለሁ። ቅቤውስ? ንጥር ቅቤ በኪሎ ነው ወይስ በሊትር የሚቆጠረው?

እትዬ_ቅመም | ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡40

ጥሬውን በኪሎ ነው የምንገዛው። ስታነጥሪው ይጎድላል፤ ውሃው በእንፋሎት ይሄዳል፣ አሬራውና አተላው ከሥር ይቀራል። ከኪሎው ሩብ ያህል የሚጎድልበት ጊዜ አለ፣ እርጥብና አይብ የበዛበት ከሆነ ከዚያም ይብሳል። ከገዛሽው ስንት ኪሎ ንጥር እንደሚወጣ የሻጯን ፊት አይተሽ አይታወቅም፣ አንድ ጊዜ አንጥሮ ማየት ነው። ጥሩ ከወጣልሽ ሴትየዋን አትልቀቂያት።

ፋርማሲስቷ | ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡52

ንጥሩ ሲቀልጥ እንደ ዘይት ነው፣ ሊትሩ ወደ 900 ግራም። ሐይቅ ዳር፣ ይሄ ላንቺም ይሆናል፦ 1 ካፕ የገበታ ቅቤ 227 ግራም ነው፣ ከዚህ ውስጥ ስቡ 80 በመቶ ገደማ ነው፣ ቀሪው ባብዛኛው ውሃ። ቅቤውን በዘይት ወይ በንጥር ቅቤ ስትተኪው ግራሙን እንዳለ ከተካሽው ኬኩ ቅባት ይበዛበታል። ወደ 180 ግራም ዘይት ይበቃል፣ የጎደለውን በትንሽ ወተት ሙዪው።

እትዬ_ቅመም | ቅዳሜ፣ ቀን 5፡30

እንግዲህ እንዲህ ተለካክታችሁ ካላችሁ እኔም ልጠይቅ። ልጄ አዲስ አበባ ሆና የበርበሬዬን ልክ ጠየቀችኝ። «ለ5 ኪሎ ዛላ አንድ ሲኒ ኮረሪማ፣ አንድ ሲኒ ጥቁር አዝሙድ» ብዬ ነገርኳት። እሷ ጋ ያለው ሲኒ አዲሱ፣ ሆዱ ሰፊው ነው፤ የእኔ የድሮው፣ ትንሹ ነው። ኮረሪማው በዛና ወጡ ሽታ ሽታ ሆነባት። ምን ብዬ ልንገራት?

ፉርኖ_50 | ቅዳሜ፣ ቀን 6፡05

እትዬ፣ ሲኒውን ይተዉት። ሰፈርዎ ካለ ባለሱቅ ጋ ይሂዱና በእርስዎ ሲኒ የሞላውን ኮረሪማ በግራም ያስመዝኑት፣ ጥቁር አዝሙዱንም ለብቻው። የሁለቱ ሲኒ አንድ ቢሆንም ግራሙ አንድ አይሆንም፣ ጥቁር አዝሙድ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ኮረሪማውን ተፈልፍሎ እንዳለ ይሁን፣ ተወቅጦ ይሁን የሚሰፍሩት እሱንም ይንገሯት፤ ሲወቀጥ እዚያው ሲኒ ውስጥ የሚገባው ይለያያል። ዛላውም ቢሆን 5 ኪሎ የሚሉት ከመቀንጠሱ በፊት ነው በኋላ? ግንዱ ሲወጣለት ይቀንሳል።

እትዬ_ቅመም | ቅዳሜ፣ ቀን 6፡12

በፊት ነው። ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ ስንት እንደሚቀር መዝኜው አላውቅም። እሺ፣ ሰኞ ባለሱቁ ጋ እሄዳለሁ፤ አበደች ይለኛል።

ታቦር_ማዶ | ቅዳሜ፣ ቀን 6፡20

እትዬ ቅመም ሚዛን ላይ ወጡ! ይሄን ቀን ለማየት ያብቃን እያልን ነበር።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ጥያቄ አለኝ። ወፍጮ ቤት ጤፍ በጣሳ ሰጥቼ ዱቄቱን በጣሳ ስቀበል ሁልጊዜ ትርፍ ይመጣል። ባለወፍጮው ደግ ነው ወይስ?

ፉርኖ_50 | ቅዳሜ፣ ቀን 6፡48

ዱቄት ሲሆን አየር ገባበት እንጂ ደግነት አልገባበትም። በአሜሪካ ካፕ ጤፍ ፍሬው ወደ 193 ግራም ነው፣ ምስር 192፣ ሩዝ 185 አካባቢ። የተነፋ የሽምብራ ዱቄት ግን 92 ግራም ብቻ ነው፤ ሽሮም ስትሰፍሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም፣ ቅመሙና አፈጫጨቱ ትንሽ ያነሳዋል ይጥለዋል። በጣሳ ሰጥተህ በጣሳ ከተቀበልክ ጎድሎብህም በጣሳ ሙሉ ሊመስልህ ይችላል። በኪሎ ስጥ፣ በኪሎ ተቀበል። ወፍጮው ላይ ጥቂት ብናኝ መቅረቱ ያለ ነው።

ሐይቅ_ዳር | ቅዳሜ፣ ማታ 1፡05

ዛሬ በግራም ጋገርኩ። ዱቄት 240፣ ስኳር 200፣ ወተት በተለካው ብርጭቆ። ጣዕሙ ልክ ነው፣ ልስላሴውም። ግን መሃሉ ትንሽ ገባ። ቤኪንግ ፓውደሩን 2 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ነው ያደረግኩት፣ ቪዲዮው እንዳለው። ሚዛኑ ሐዋሳ ላይ በከፍታው ምክንያት ሌላ ያነባል እንዴ?

ፋርማሲስቷ | ቅዳሜ፣ ማታ 1፡22

ሚዛኑስ ደህና ነው፣ 240 ግራም ዱቄት ሐዋሳም ጅቡቲም ያው ነው። የሚለወጠው አየሩ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1700 ሜትር አካባቢ ናት፤ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ቤኪንግ ፓውደር የሚያወጣው ጋዝ እዚህ የበለጠ ይለጠጣል። ኬኩ ገና ሳይበስል ቶሎ ያብጥና የሚሸከመው ሳይጠነክርለት ይወድቃል። ውሃም እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል። ቪዲዮዋን የሠራችው ሴት ባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ ከሆነች አሠራሯ ለዚያ ነው የተለካው።

ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ቀንሺ፣ 2 ማንኪያው አንድ ተኩል ይሁን። ወተት አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምሪ። ስኳሩንም ከካፑ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብትቀንሺለት ይረዳዋል። ሁሉንም በአንድ ቀን አትለዋውጪ፣ የቱ እንደረዳሽ አታውቂም። ከቤኪንግ ፓውደሩ ጀምሪ።

ሜልቦርን_ያለሁት | እሑድ፣ ጠዋት 2፡00

እንቁላሉስ? የሐበሻ እንቁላል ከሆነ እሱም ነገር አለው። የውጭ አሠራር 3 እንቁላል ሲል ያለ ቅርፊቱ አንዱን 50 ግራም ብሎ ነው የሚያስበው።

ሐይቅ_ዳር | እሑድ፣ ቀን 6፡40

የሐበሻ ነው የምጠቀመው፣ ቀለሙ ስለሚያምር። ሰበርኩና መዘንኩት፤ ሦስቱ 108 ግራም መጣ። ስለዚህ 4 ላድርግ?

ፉርኖ_50 | እሑድ፣ ቀን 7፡10

4 አድርጊ፣ 144 ይሆንልሻል፣ ለ150 ቅርብ ነው።

ሐይቅ_ዳር | እሑድ፣ ማታ 12፡50

በሩብ ቀንሼ፣ በ4 እንቁላል ጋገርኩ። ላዩ ሜዳ ሆኖ ወጣ! አሁን የመጨረሻ ጥያቄዬ። ይሄ ልክ ለ20 ሳንቲ ሜትር ክብ ትሪ ነው። ለሚቀጥለው ቅዳሜ የታዘዝኩት በ26 ነው። 6 ሳንቲም ብቻ ነው የሚሰፋው፣ ሲሶ ልጨምር?

ፉርኖ_50 | እሑድ፣ ማታ 1፡15

ሲሶ አይበቃም። ክብ ሲሰፋ በዙሪያው ሁሉ ነው የሚሰፋው። 26ን በ26 አባዢ፣ 676። 20ን በ20፣ 400። አካፍዪው፣ 1.69 ነው። አንድ አሠራር ተኩልና ከዚያም በላይ ማለት ነው። ዱቄቱ 240 የነበረው ወደ 405 ይሁን፣ ስኳሩ 340፣ እንቁላሉ ያለ ቅርፊቱ ወደ 245፣ በሐበሻው 7 ገደማ። ቤኪንግ ፓውደሩ አንድ ተኩል የነበረው ሁለት ተኩል ማንኪያ ልሙጥ። በካፕ ብትይዢው ኖሮ አንድ ከስድስት ዘጠኝ ምናምን ካፕ ስትፈልጊ ትውዪ ነበር።

ትሪው አራት ማዕዘን ከሆነ ሌላ ነው፤ 20 በ20 አራት ማዕዘኑ ከ20 ክብ ሩብ ያህል ይበልጣል።

ሐይቅ_ዳር | እሑድ፣ ማታ 1፡24

ክብ ነው። ሰዓቱስ? እሱንም በ1.69 ላባዛው?

ፉርኖ_50 | እሑድ፣ ማታ 1፡33

ሰዓት አይባዛም። የሊጡ ቁመት ያው ከሆነ ሰዓቱም ቅርብ ነው፤ የዛሬው በወጣበት ሰዓት ላይ በስንጥር ወጋ አድርገሽ እዪው፣ ከዚያ በየ5 ደቂቃው። ሙቀቱን በ10 ዲግሪ ዝቅ አድርጊው፣ ሰፊው ትሪ ጠርዙ ቀድሞ ይከርርብሻል። ሊጡን ከትሪው ቁመት ግማሽ በላይ አትሙዪው፤ ከተረፈሽ በትንንሽ ወረቀት ጋግሪውና ለልጆቹ ስጫቸው።

ታቦር_ማዶ | እሑድ፣ ማታ 1፡35

የተረፈውን የት ነው የምትሰጡት? አቶቴ ቅርብ ነኝ።